ማናክል ወይስ ሻክል? ሁለቱን የእንግሊዝኛ የእስር ቃላት ለይቶ ለመጠቀም

የታሰረው እጅ ነው ወይስ እግር? ይህ ሳይታወቅ ከሁለቱ ቃላት አንዱን መምረጥ አይቻልም። ማናክል (manacle) በመሠረቱ የእጅ ብረት ነው፤ ከእጅ አንጓ እምብዛም አይወርድም። ሻክል (shackle) ግን እንዲሁ ሲነገር መጀመሪያ እግርን ያሳስባል እንጂ በእግር ብቻ አይወሰንም። እጅንም፣ ወገብንም፣ ሰው የታሰረበትን ብረት በሙሉም ሊጠራ ይችላል። ከዚያም አልፎ ሰው ጨርሶ የማይታሰርበት የመርከብ፣ የክሬንና የመኪና ብረት ስም ሆኗል።

መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ግን ብዙ ጊዜ ለሁለቱም “ሰንሰለት፣ እግር ብረት፣ ማሰሪያ” የሚል አንድ ዓይነት ፍቺ ነው የሚገኘው። በዚህ የተነሣ በምስክር ቃል ላይ እጁን የታሰረው ሰው በትርጉሙ እግሩን ታስሮ ይገኛል፤ በከባድ ዕቃ ማንሻ መመሪያ ላይ ደግሞ ጭነት የሚንጠለጠልበት ብረት “እግር ብረት” ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ስሕተት በሰው ላይ የደረሰውን በደል ያዛባል፤ ሁለተኛው ሠራተኛ የትኛውን ዕቃ ማንሣት እንዳለበት ያሳስተዋል። ሁለቱን መለየት እንግዲህ ለቃላት ፍቅር ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ቃላቱ ከየት መጡ

ማናክል የላቲን ዘር ነው። በላቲን ማኑስ እጅ ነው፤ ማኒኩላ ደግሞ “ትንሽ እጅ”። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ከዚያው ሥር የወጡ ቃላት እኛም አፍ ላይ አሉ፤ ማርሹ በእጅ የሚቀየረውን መኪና ማኑዋል እንላለን፣ የእጅ ጥፍር እንክብካቤን ማኒኪዩር እንላለን። ማናክል የእጅ ይሁን የእግር የጠፋበት ሰው ማኑዋልን ያስታውስ፤ አይሳሳትም።

ሻክል ከላቲን ጋር ዝምድና የለውም። የጥንታዊው እንግሊዝኛ የራሱ ቃል ነው፤ በደች ቋንቋ ያለው ዘመዱ የሰንሰለትን አንድ ቀለበት ይጠራል። በሥሩ ውስጥ እጅም እግርም የሉም፤ ያለው አንዱን ነገር ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ብረት ብቻ ነው። ወደ ብዙ ሥራ ለመስፋት የተመቸውም ለዚህ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሦስተኛ ቃል ሳይነሣ አይታለፍም፤ ፌተር። ፌተር ከእንግሊዝኛው ፉት፣ ማለትም ከእግር፣ ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። በላቲን ፔዲካ፣ በግሪክ ፔዴ የእግር ማሰሪያ ስሞች ናቸው፤ እነሱም የዚያው ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። “ማደናቀፍ” የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ኢምፒድም እግርን ከማሰር የመጣ ነው። እንግዲህ በጥብቁ ከተሄደ የማናክል ጥንድ ሻክል ሳይሆን ፌተር ነው፤ አንዱ የእጅ፣ አንዱ የእግር። ሻክል በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ቃል ነው። “ማናክል ለእጅ፣ ሻክል ለእግር” ብለው የሚያልፉ አጫጭር ማብራሪያዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ስለ ማናክል የሚሉት ልክ ነው፤ ስለ ሻክል ግን የሚነግሩን ግማሹን ብቻ ነው።

ታዲያ ፌተርን ለምን በሰፊው አንጠቀምም? ዛሬ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ፌተር ለብረቱ ሲነገር ያረጀ ድምፅ አለው። በአሮጌ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች፣ በታሪክ ጽሑፎችና በምሳሌያዊ አነጋገር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው ሰው የታሰረበትን ፌተር ብሎ ሲጠራው፣ የአማርኛው “እግር ብረት” ይለዋል። ትክክለኛ አቻ ነው።

አማርኛ እጅና እግርን ለይቶ ነው የሚጠራው

አማርኛ በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጥብቅ ነው። ካቴና የእጅ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ሰንሰለት ማለት ነው፤ አማርኛ ግን ለእጅ ብረት ለይቶ አስቀርቶታል። ለእግር እግር ብረት አለ፤ እግረ ሙቅም አለ። በእግረ ሙቅ ውስጥ ያለው “ሙቅ” የሙቀቱ ሙቅ አይደለም። በግዕዝ ሞቅሐ ማለት አሰረ ማለት ነው፤ እስረኛውም ሙቁሕ ይባላል። ቃሉ “የእግር እስር” ነው እንግዲህ፤ ልክ እንደ ማናክል የሚታሰረውን አካል በስሙ ውስጥ ይዞ ይሄዳል።

ማናክልን ወደ አማርኛ መመለስ በዚህ ምክንያት አይከብድም። የቅርብ ዘመን ከሆነ ካቴና፣ የሩቅ ዘመን ከሆነ የእጅ ብረት ይባላል። የዛሬ አንባቢ ካቴና ሲባል የሚታየው የፖሊስ ወገብ ላይ ያለው ጥርስ ያለው ካቴና ስለሆነ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርከብ ላይ ስለተጫነ ምርኮኛ ሲጻፍ “የእጅ ብረት” ማለቱ ይሻላል።

ሻክል ላይ ሲደረስ ነው ጉዳዩ የሚከብደው። እንግሊዝኛው የታሰረውን አካል ሳይናገር ማለፍ ይችላል፤ አማርኛው ግን “እጁን ነው እግሩን?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከዚያው ከጽሑፉ ውስጥ ይገኛል፤ መፈለግ ግን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚታየው ግሱ ነው። ታሳሪው እግሩን እየጎተተ፣ እርምጃው እያጠረ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት ከሆነ የሚታየው፣ ብረቱ እግሩ ላይ ነው። የውሃ ብርጭቆ በሁለት እጁ አንድ ላይ አንሥቶ ጠጣ፣ ለመፈረም ተቸገረ፣ ፊቱን መጥረግ አቃተው ከተባለ እጁ ላይ ነው። ሲሄድ ብረቱ ወለሉ ላይ ይንኳኳል? እግር ነው። ቀጥሎ በዓረፍተ ነገሩ ዙሪያ ያሉ ሌሎች የእስር ቃላት ይታያሉ። ማናክልና ሻክል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ከመጡ ጸሐፊው ሆን ብሎ ለይቷቸዋል፤ “እጁ በካቴና፣ እግሩ በእግር ብረት” ተብሎ ይተረጎማል። ሌላው የእጅ ብረት ስም ሀንድካፍና ሻክል አብረው ሲመጡም እንዲሁ ነው።

ሁሉም ፍንጭ ሲጠፋ አካል አትፍጠሩ። “በብረት ታስሮ” ወይም “በሰንሰለት ታስሮ” ማለት በቂ ነው፤ እንግሊዝኛው የተወውን ክፍት ቦታ ክፍት አድርጎ ያስቀረዋል። በተለይ የምስክርነት ቃል፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የሰብዓዊ መብት ሪፖርት ሲተረጎም ይህን መጠበቅ ግዴታ ነው። ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምር ብሎ “እግር ብረት” ካለ፣ ኋላ ሐኪም በእጅ አንጓ ላይ ጠባሳ ሲያገኝ ውሸታም የሚባለው ተርጓሚው አይደለም፤ ምስክሩ ነው።

ሌላው ወጥመድ የራሳችን ውብ አነጋገሮች ናቸው። “የፊጥኝ ታሰረ” ስንል ሁለቱ እጆች ወደ ኋላ ተጠምዝዘው መታሰራቸውን ተናግረናል። “እጅ ከወርች ታሰረ” ስንል እጅና እግሩ አንድ ላይ ተጠፍሮ መላወሻ ማጣቱን ተናግረናል። በሁለቱም ላይ አንባቢ ብረት ሳይሆን ገመድ ወይም ጠፍር ነው የሚታየው። ማናክልም ሻክልም ደግሞ የሚናገሩት ስለ ብረት ነው፤ ማናክል እጁ ከፊት ይታሰር ከኋላ አይናገርም። ስለዚህ ማናክልን “የፊጥኝ” ብሎ መተርጎም ዋናው ጽሑፍ ያላለውን የአካል አቀማመጥ መጨመር ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲኬድም ተመሳሳይ ነው። “የፊጥኝ አስረው ወሰዱት” የሚለውን በማናክል መመለስ ገመዱን ብረት ያደርገዋል፣ የኋሊት መጠምዘዙንም ያጠፋዋል። እጆቹ ወደ ኋላ በገመድ መታሰራቸውን ዘርዝሮ መጻፍ ነው የሚያዋጣው፤ ቢረዝምም ይርዘም።

ዕቃው ፊት ለፊት ካለ

የሙዚየም መግለጫ የሚጽፍ፣ የፎቶግራፍ መግለጫ የሚያዘጋጅ ወይም አሮጌ ብረት አግኝቶ ስም ሊሰጠው የሚፈልግ ሰው ከቃላት ይልቅ ሜትር ያስፈልገዋል። የቀለበቱ የውስጥ ዙሪያ ይለካ። የአዋቂ ሰው የእጅ አንጓ ዙሪያ በአብዛኛው ከ15 እስከ 19 ሴንቲሜትር ነው፤ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ከ20 እስከ 26 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ብረቱ ከአካሉ ጥቂት ሰፋ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ግን እጅ በአውራ ጣት በኩል ሾልኮ እንዳይወጣ፣ እግርም በተረከዝ እንዳይንሸራተት ሆኖ። ከዚያ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ሰንሰለት ይታይ። የእጅ ብረት መሐል ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀለበት ወይም አጭር የብረት ዘንግ ብቻ ነው ያለው። የእግር ብረት ግን ታሳሪው አጫጭር እርምጃ እንዲራመድ፣ ግን እንዳይሮጥ፣ ረዘም ያለ ሰንሰለት ይደረግለታል፤ በዘመናዊዎቹ ላይ ከ35 እስከ 40 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው።

መጠኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ትንሽ ቀለበት የአዋቂ እጅ ወይም የሕፃን እግር ሊሆን ይችላል፤ በባሪያ ንግድ ዘመን ሕፃናትም ተጭነዋልና። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ቀለበቱ ብቻ የቀረ ከሆነ ማናክል ብሎ መቸኮል አይገባም። እንዲህ ላለው ሻክል የሚለው ሰፊ ቃል ነው የሚመረጠው፤ በአማርኛም “የእስር ብረት”።

ቶማስ ክላርክሰን የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ማስረጃ ሲሰበስብ በሊቨርፑል ከአንድ ሱቅ የእስር ዕቃዎችን ገዝቶ ነበር፤ ሥዕላቸውን እ.ኤ.አ. በ1808 አሳተመው። የእጁን ሀንድካፍ ይለዋል፤ የአንዱን ሰው ቀኝ እጅ ከሌላው ሰው ግራ እጅ ጋር የሚያጣምር ነው። የእግሩን ሻክል ይለዋል፤ ግን “ለእግር የሚሆን” ብሎ ጨምሮበታል። ሻክል ማለት ብቻውን ቢበቃው ኖሮ ያን ባልጨመረ ነበር። ከ200 ዓመት በፊትም ቃሉ ማብራሪያ ይፈልግ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1700 በፍሎሪዳ አቅራቢያ ከሰጠመችው፣ በ1972 ከተገኘችው ሄንሪዬታ ማሪ ከተባለች የባሪያ ማጓጓዣ መርከብ ከ80 በላይ ጥንድ የእስር ብረት ወጥቷል። በጥቅሉ የሚጠሩት ሻክል ተብለው ነው። ከዚህ ዓይነቱ ውስጥ ቢልቦ የሚባለው አለ፤ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ላይ የታጠፉ ቀለበቶች ተሰክተው የሚንሸራተቱበት። በዘንጉ ላይ የሚንሸራተተው እያንዳንዱ ቀለበት ሻክል ነው፣ ሙሉው ዕቃ ቢልቦ ነው። ማናክል እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

የኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልትም ጥሩ መለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተመረቀው ሐውልት እግር ሥር የተሰበረ ብረትና ሰንሰለት አለ፤ በእንግሊዝኛ ሻክል ተብሎ ነው የሚገለጸው። እጆቿ ችቦና ሰሌዳ ይዘዋል። እዚያ ላይ ማናክል ብሎ የሚጽፍ ሰው ብረቱን ከእግሯ አንሥቶ እጇ ላይ አደረገው ማለት ነው።

ማናክልና ሀንድካፍስ? ሁለቱም የእጅ ናቸው፤ ልዩነታቸው በዘመንና በአሠራር ነው። ማናክል ሲባል የሚታሰበው መጠኑ የማይለወጥ፣ በብሎን፣ በቁልፍ ወይም ተቀጥቅጦ የሚዘጋ ከባድ ቀለበት ነው። በጥርስ እየጠበቀ ከእጅ ውፍረት ጋር የሚስማማው ካቴና እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ አዳምስ ለተባለ ሰው ከተሰጠው የፈጠራ መብት በኋላ የመጣ ነው። ዛሬ የሚታየው፣ ክንዱ በሁለቱ ዝርግ ብረቶች መካከል ሙሉ በሙሉ ዞሮ የሚያልፈው ዓይነት ደግሞ የ1912 ፈጠራ ነው። ሀንድካፍ የሚለው ቃል ከእነዚህ በፊትም ነበረ፤ የተለወጠው ዕቃው ነው። ስለዚህ ከ1862 በፊት ስለነበረ እስረኛ ሲጻፍ ካቴናው “ቀጭ ቀጭ” እያለ ጠበቀ ማለት አይቻልም።

የዘመኑን ካቴና የሚገልጽ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ጥሩ ነው። ጥርሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ማለትም ካቴናው ሁልጊዜ ለመጥበቅ ዝግጁ ነው፣ በራሱ ግን አይላላም። ይህን ለማስቆም ሁለተኛ መቆለፊያ አለው፤ በቁልፉ ጫፍ ያለች ትንሽ ሹል ነገር ተጭና ጥርሱን ባለበት ታቆመዋለች። ይህ ካልተደረገ ታሳሪው ሲቀመጥ ወይም ሲወድቅ ብረቱ እየጠበቀ ሄዶ በአውራ ጣት በኩል ያለውን ነርቭ ይጫነዋል፤ የእጁ ጀርባ ለሳምንታት ሊደነዝዝ ይችላል። በጽሑፍ ላይ “ካቴናው እየጠበቀ ሄደ” የሚል ምስክርነት ሲገኝ ማጋነን አይደለም፤ አሠራሩ ነው።

በሕግና በዜና

በአሜሪካ ሕግ ቋንቋ ሻክል ከእግር እጅግ ሰፍቷል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በዴክና በሚዙሪ ግዛት መካከል በነበረው ክርክር፣ ልዩ ምክንያት ካልቀረበ በቀር ተከሳሽን በሞት ቅጣት ውሳኔ ችሎት ላይ በሚታይ ሻክል አስሮ ማቅረብ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። ተከሳሹ የታሰረው ግን በእግር ብረት፣ በካቴናና በወገብ ሰንሰለት ነበር። ሦስቱም በአንድ ሻክል ተጠቃለዋል። ይህን ውሳኔ “በሚታይ እግር ብረት” ብሎ የተረጎመ ሰው የሕጉን ወሰን አጠበበው፤ ካቴናና የወገብ ሰንሰለቱን የተፈቀዱ አስመሰላቸው። “በሚታይ የእስር ብረት” ነው ትክክሉ።

ነፍሰ ጡር እስረኞችን ስለ ማሰር በሚጻፈው እንግሊዝኛም ሻክል የሚለው ግስ እጅን፣ እግርንና ወገብን ሁሉ ይይዛል። እዚያ ላይ ማናክል አይገባም፤ ማናክል በሕግ ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አይታይም፤ ከታሪክና ከልብ ወለድ ጎራ ነው ያለው። የዜና ጸሐፊ ማናክል ሲል አንባቢው ዘንድ የጨለማ ክፍልና የዛገ ብረት ስሜት ይፈጥራል። ሆን ተብሎ ካልሆነ አይመከርም።

የተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች ከሁለቱም ይሸሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ካቴናን፣ ሰንሰለትን፣ የእስር ብረትንና እጅ አሳሪ ጃኬትን በየስማቸው ጠርቶ ለቅጣት እንዳይውሉ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በጠቅላላ ጉባኤው የጸደቀው የኔልሰን ማንዴላ ደንብ በአንቀጽ 47 ሰንሰለትና የእስር ብረትን፣ እንዲሁም በባሕርያቸው አዋራጅ ወይም የሚያሠቃዩ ሌሎች ማሰሪያዎችን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 48 ደግሞ በምጥ ላይ ባለች፣ በምትወልድና ገና በወለደች ሴት ላይ ማሰሪያ ፈጽሞ እንዳይደረግ ያዛል። ጥቅሉ ቃል ሪስትሬይንት ነው፤ “ማሰሪያ” ወይም “እንቅስቃሴ መገደቢያ” ቢባል ይሄዳል። ሪስትሬይንት ለደንብ ይመቻል፤ ቆዳም፣ ፕላስቲክም፣ ጨርቅም፣ ብረትም ሊሆን ይችላልና። ለዘገባ ግን መጥፎ ቃል ነው። ሰውየው በምን እንደታሰረ የሚያውቅ ጸሐፊ ሪስትሬይንት ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ብረቱን በስሙ ይጥራ።

በምሳሌያዊ አነጋገር

እዚህ ምርጫው በእጅና በእግር ሳይሆን በልማድ ነው። ከጭቆና፣ ከዕዳ፣ ከልማድ መላቀቅን ለመናገር እንግሊዝኛ አብዝቶ የሚጠቀመው ሻክልን ነው፤ ማናክልም ይቻላል፣ ግን ቅኔ ቅኔ ይላል። በአሉታ ሲሆን ፌተር ይበልጣል። አንፌተርድ ማለት “ያለ ገደብ፣ ያለ ከልካይ” ነው፤ ስለ መረጃ ወይም ስለ ቦታ “አንፌተርድ አክሰስ” ሲባል ማንም ብረት አያስብም። በእንግሊዝ የአስተዳደር ሕግም ባለሥልጣን የተሰጠውን የመወሰን ነፃነት አስቀድሞ በግትር መመሪያ ካሰረ ሥልጣኑን “ፌተር” አደረገ ይባላል። እነዚህ ቦታዎች ላይ ሻክልን ወይም ማናክልን መተካት ዓረፍተ ነገሩን የባዕድ ያስመስለዋል። ሠራተኛን እንዳይለቅ የሚይዘው ከፍተኛ ክፍያም ወርቃማ ሀንድካፍ ነው የሚባለው፤ ወርቃማ ማናክል የሚል የለም።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ብረቱን ይዞ መምጣት አያስፈልግም። የባርነት ሻክል “የባርነት ቀንበር” ወይም “የባርነት ሰንሰለት” ነው። የቢሮክራሲ ሻክል “የቢሮክራሲ ማነቆ”። በዕዳ ሻክል የተደረገ ሰው “ዕዳ የተበተበው” ነው። “የዕዳ እግር ብረት” ብሎ የሚጽፍ ሰው ስሕተት አልሠራም፤ ነገር ግን ቋንቋው ያዘጋጀለትን ትቶ የተውሶ ልብስ ለብሷል።

አጻጻፍ ላይ ትንሽ

ሁለቱም ቃላት ስለ ሰው እስር ሲነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ቁጥር ይመጣሉ፤ ጥንድ ናቸውና። አንድ እጅ ከአልጋ ብረት ጋር ሲታሰር ማናክል በነጠላ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም ግስ ይሆናሉ፤ “ማናክልድ” ሲባል እጁን፣ “ሻክልድ” ሲባል ታሰረ በጥቅሉ። ማናክል ሲነገር የሚጠብቀው የመጀመሪያው ድምፅ ነው፤ “ማ” ላይ ይረገጣል፣ “ና” ይላላል፣ “ነ” እስኪመስል። በብዛት የሚታየው የአጻጻፍ ስሕተት ከሞኖክል ጋር ማምታታት ነው፤ ሞኖክል በአንድ ዓይን ላይ ብቻ የሚደረግ መነጽር ነው። የፊደል ማረሚያ ሶፍትዌር ሁለቱንም ትክክል አድርጎ ስለሚያሳልፋቸው እስረኛው መነጽር አድርጎ ይገኛል፤ በዓይን መፈተሽ ነው መፍትሔው።

ሻክል ሰው የማይታሰርበት ሲሆን

የቴክኒክ ጽሑፍ ሲሆን ምርጫ የለም፤ ሻክል ብቻ ነው፣ በአማርኛም “ሻክል” ብሎ መተው ይሻላል። በዕቃ ማንሻ ሥራ ሻክል ማለት የታጠፈ የብረት አካልና በሁለቱ ጆሮዎቹ የሚያልፍ ፒን ነው። አካሉ ሰፋ ብሎ የተቀሰተው ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ገመዶችን ይይዛል፤ ጠባቡ፣ የዲ ቅርጽ ያለው፣ ቀጥ ላለ አንድ ጭነት ነው። መጠሪያ መጠኑ የፒኑ ሳይሆን የአካሉ ውፍረት ነው፤ ፒኑ አብዛኛውን ጊዜ ይወፍራል። በተለመደው የካርቦን ብረት ሻክል 19 ሚሊሜትር የሚባለው የ22 ሚሊሜትር ፒን ይዞ እስከ 4.75 ቶን ይሸከማል፤ 25 ሚሊሜትሩ 8.5 ቶን። ጭነቱ በጎን በ45 ዲግሪ ከሳበው አቅሙ ወደ 70 በመቶ፣ በ90 ዲግሪ ከሆነ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እየዞረ የሚጠብቅ ፒን ላይ የሚንቀሳቀስ ገመድ እንዲያልፍ ማድረግ አይገባም፤ ገመዱ ፒኑን እያሽከረከረ ይፈታዋል። ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ወይም ለሚንቀጠቀጥ ሥራ ብሎንና ዳዶ ያለው፣ ዳዶው እንዳይፈታ ማገጃ ሽቦ የተደረገበት ነው የሚመረጠው። ይህን ሁሉ “እግር ብረት” በሚል ስም የሚያነብ ሠራተኛ መመሪያውን ይጥለዋል፣ መብቱም ነው።

በመኪና ላይ የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ተንቀሳቃሽ ብረትም ሻክል ነው፤ ባሌስትራው ጭነት ሲበዛበት ተዘርግቶ ስለሚረዝም ጫፉ የሚሄድበት ቦታ ይሰጠዋል። የጓጉንቸር ቁልፍ የተቀሰተው ዘንግም ሻክል ይባላል።

በባሕር ላይ ደግሞ ሻክል መለኪያ ሆኗል። የመርከብ መልሕቅ ሰንሰለት በየ27.5 ሜትሩ በሻክል ይገጣጠም ስለነበር ያ ርዝመት ራሱ ሻክል ተባለ። ካፒቴን “5 ሻክል ልቀቁ” ሲል አምስት ብረት አልጠየቀም፤ 137.5 ሜትር ሰንሰለት ወደ ውሃ ይውረድ ማለቱ ነው።